ስምን ስለ መሰወርና ስምን ስለ መቀማት

የዕፅዋት ሥዕል ለሕዝብ ወደሚታይበት አዳራሽ የሚገባ ሰው ሁለት ነገር በአንድነት ይመለከታል። አንደኛው እግዚአብሔር በዕለተ ሠሉስ ከምድር ያበቀለው ፍጥረት ነው፤ ሁለተኛውም ያንን ፍጥረት በቀለም የተከተለ የሰው ድካም ነው። ስለ መጀመሪያው ፈጣሪን ማመስገን፣ ስለ ሁለተኛው ደግሞ ለደከመው ሰው የሚገባውን ክብር መስጠት ከተመልካቹ ይጠበቃል። ነገር ግን ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው ስም የሣለው ሰው ስም ባይሆን፣ ይህ ክብር ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄው በአገራችን ዕፅዋት ሥዕል ላይ በእውነት የደረሰ ነው። በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ከተማ ተወላጅ ሠዓሊ አብሮት ነበረ። ይህ ሰው ኮሶን፣ እንሰትን፣ ዋንዛን፣ ቁልቋልንና ሌሎችንም ዕፅዋት እየተመለከተ ሣለ። በ1763 ዓ.ም.፣ ዕድሜው አርባ ዓመት ሳይሞላ፣ በጎንደር ሞተ።

ብሩስ በ1782 ዓ.ም. የጉዞውን ታሪክ በአምስት ጥራዝ ሲያሳትም፣ የባልንጀራውን ሥራ የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አቀረበ። ይህም ሳይበቃው ሠዓሊው ወደ ግሽ ዓባይ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የባሉጋኒ የገዛ እጁ የጉዞ ማስታወሻ ግን አብሮት እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዛሬ ሥዕሎቹ በአሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ። በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠርም በባሉጋኒ ስም መጽሐፍ ሆነው ታትመዋል፤ ስሙ ወደ ሥራው የተመለሰው እንግዲህ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ «የአብያተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን ብዙዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈው የለምን? ስም ማጣት ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው። የራሱን ስም የሚሰውር ሰው የገዛ ገንዘቡን በፈቃዱ ይሰጣል፤ ይህ ትሕትና ነው። የሌላውን ስም የሚሰውር ግን ያልሰጡትን ይወስዳል፤ ይህ ቅሚያ ነው። ማንም ሰው በባልንጀራው ስም ትሑት ሊሆን አይችልም።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ የጸሐፊውና የአጻፊው ስም በአንድነት ተጽፎ ለሁለቱም ምሕረት ሲለመንላቸው እናገኛለን። የአጻፊው ክብር የጸሐፊውን አይሽረውም፤ የጸሐፊውም የአጻፊውን አያጎድለውም። ብሩስም ቢሆን መንገዱን ያቀና፣ ወጪውን የቻለ፣ መጽሐፈ ሄኖክን ከአገራችን ወስዶ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያደረሰ ሰው ነበር። የአጻፊነት ክብር ሞልቶ ተርፎት ሳለ የጸሐፊውን መጨመሩ ከራሱ ክብር ጥቂቱን አጎደለበት እንጂ አላበዛለትም።

ይህ ፈተና በሩቅ ዘመን የቀረ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በአብነት ሰፈርም ሆነ በመርካቶ ሱቆች፣ ደቀ መዝሙር የሣለውን ወይም የጠረበውን ባለቤቱ «የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ለመሸጥ ይፈተናል። መምህርም ተማሪው የደረሰበትን ትርጓሜ ከራሱ እንዳገኘው አድርጎ ለመናገር ይፈተናል። አብነት ማለት ሌላው አይቶ የሚከተለው ምሳሌ ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ታላቁ የታናሹን ስም ሲቀማ ያየ ልጅም ነገ በተራው የሌላውን ይቀማል።

ስለዚህ ሥዕል የሚያሳይ የሠዓሊውን ስም አስቀድሞ ይጻፍ፤ ሥዕል የሚያይም «ማን ሣለው?» ብሎ ይጠይቅ። መምህርም በጉባኤ መካከል «ይህን ያገኘው ልጄ እገሌ ነው» ማለትን አይፈር። የሰውን ድካም በስሙ ለመጥራት የማይሰስት አንደበት ፈጣሪንም በእውነት ያመሰግናል። ይህን አንደበት ለሁላችን ያድለን፤ አሜን።