ጥቂት ብቻ ቢሆንስ?

ሰው ሰክሮ በመንገድ ላይ ቢወድቅ መበደሉን ለማወቅ ሰባኪ አያስፈልገንም። የሚያስቸግረው ጥያቄ ሌላ ነው። ሳይሰክር፥ አእምሮውን ሳይስት፥ ሥራውንም ሳይፈታ፥ ልቡን ለማቅለል ብቻ በየቀኑ ጥቂት የሚቀምስ ሰው ምን በደለ?

ይህ ጥያቄ በውጭ አገር በአንድ እንጉዳይ ምክንያት ተነሥቷል። ቆቡ ቀይ፥ በላዩም ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፥ በጥድና በመሰል ዛፎች ሥር የሚበቅል ነው። የአውሮፓ ሰዎች በወተት እየዘፈዘፉ ዝንብ ይገድሉበት ስለ ነበር ስሙ ከዝንብ ጋር ተያይዟል። በሳይቤርያም አንዳንድ ነገዶች በጠንቋዮቻቸው ሥርዐት ይበሉት ነበር። ዛሬ አድርቀው በትንሽ በትንሹ የሚወስዱት ሰዎች እንቅልፍ ይሰጣል፥ ጭንቀትንም ያርቃል ይላሉ። በውስጡ ኢቦቴኒክ አሲድና ሙሲሞል የሚባሉ አእምሮን የሚነኩ ነገሮች አሉ፤ መጠናቸውም ከአንዱ እንጉዳይ ወደ ሌላው ይለያያል። ስለዚህ "ጥቂት" የሚለው ሰው ጥቂቱን በምን እንደ ሰፈረ አያውቅም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2024 እ.ኤ.አ. ይህ እንጉዳይ በምግብ ውስጥ እንዲገባ ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል።

ይህ ግን የሐኪሙ ነገር ነው። የእኛን ነገር ለማየት እስከ ሳይቤርያ መሄድ አያሻም፤ ዋልዳ ይበቃናል።

ዋልዳ በሞያሌ በኩል ከድንበሩ ማዶ በኬንያ ምድር ያለች ደረቅ ስፍራ ናት። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው በዚያ በስደተኞች ሰፈር ተቀምጠው ነበር። በዚያ አገር የ"ጥቂት" ነገር እንጉዳይ ሳይሆን ጫት ነው፤ ኬንያውያን ሚራ ይሉታል። በሜሩ ተለቅሞ በመኪና ይጣደፋል፤ የሚያነቃቃው ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉን ያጣልና።

እንግዲህ አንድ ነጋዴ፥ "እኔ ሱሰኛ አይደለሁም፤ ከቀትር በኋላ ግማሽ እስር ብቻ ነው። ከቡናችሁ በምን ይለያል?" ቢለን መልሱ እንደምናስበው ቀላል አይደለም። የደጋው ክርስቲያን አያቶች ቡናን እንደ ነውር ይቈጥሩት ነበር፤ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሳይቀር ይፈላል። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ሐኪም ባዘዘለት የጭንቀት መድኃኒትም ማንም ምእመን ሊያፍር አይገባውም። እግዚአብሔር ያልጻፈውን ሕግ በሰው ጫንቃ ላይ የሚጭን ፈሪሳዊ ነው እንጂ ወንጌላዊ አይደለም።

ታዲያ ልዩነቱ በመጠን ካልሆነ በምን ነው? ሉተር በ1529 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታላቁ ካቴኪዝም የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሲያብራራ፥ የሰው ልብ የሚታመንበት ነገር ለዚያ ሰው አምላኩ እንደሚሆንበት ያስተምራል። ቃሚዎች ራሳቸው ለዚህ ነገር ቃል አላቸው፤ ሐራራ ይሉታል። ሰዓቱ ሲደርስ ማዛጋት ይጀምራል፥ ልጅ አባቱን ቢጠራ ቍጣ ይቀድማል። ያ ሰው መጠኑን ጠብቋል፤ ሰዓቱ ግን የእርሱ አይደለም። ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣው ደግሞ ለማብረድ ይጠጣል፤ ይህንንም ጨብሲ ይሉታል። አንዱ ጥቂት ሌላውን ጥቂት ይጠራል፤ እያንዳንዱም ለብቻው ቢጠየቅ ንጹሕ ነኝ ይላል።

ደግሞም ጭንቀት ሁሉ ሕመም አይደለም። ወንድሙን በድሎ ያልታረቀ ሰው ልቡ ሊከብደው ይገባል። ቤተ ሰቡን ከድንበር ማዶ የተወ ስደተኛ ሌሊት ቢያለቅስ ፍቅሩ ነው የሚያስለቅሰው። መዝሙረኛው ነፍሱን ስለ ምን እንደምታዝን ይጠይቃታል እንጂ ዝም አያሰኛትም። በየቀኑ በጥቂቱ የሚያባብላት ሰው ግን መልሷን ሳይሰማ ያረጃል። ከእንጉዳዩም ከቅጠሉም ጕዳት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ነገር ግን ሰውን ወደ በርጫ የሚስበው ቅጠሉ ብቻ አይደለም። ሥራ ያጣ ሰው በዚያ ምንጣፍ ላይ ስሙን የሚጠራው፥ "ጀባ" የሚለው፥ ታሪኩን እስከ መጨረሻ የሚሰማው ያገኛል። ቅጠሉን አስጥለን፥ እሑድ በመዝሙር ተቀብለን፥ ሰኞ ከቀትር በኋላ ብቻውን ብንተወው ምን አደረግንለት? ጌታ ስለ ተጠረገውና ባዶ ስለ ተገኘው ቤት የተናገረውን ታውቃላችሁ። ስለዚህ በድንበር ከተማ ያሉ የጉባኤ ሽማግሌዎች ስለ ጫት ስብከት ከማዘጋጀታቸው በፊት፥ በስምንት ሰዓት በሩ ክፍት ሆኖ የሚቈይ የማን ቤት እንደ ሆነ፥ ሻዩንም ማን እንደሚያፈላ ቢመክሩ ይሻላል።