ወተቱን ጠጪ

ስሚኝ ልጄ። በኢሞ የላክሽልኝን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ስትጀምሪ ያለቀስሽው የሥራው ብዛት መርሮሽ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ሁለተኛ ስሰማው ነው። አሠሪሽ ማዳም ዓርብ ዕለት ሩዝ በዶሮ ሰጠችሽ፣ ሌላ የሚቀመስ አልነበረም፣ በላሽ። ረቡዕም እንደዚያው ሆነ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህማ ስንት ቀን እንደገደፍሽ መቁጠሩን ተውሽው። ባለሽበት ከተማ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ቢኖርም በሩን ከፍቶ የሚያስወጣሽ የለ። «ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ ክርስቲያን ነኝ ማለት እችላለሁ?» አልሽኝ። ወንድምሽን ብትጠይቂው ደግሞ «ጸጋ ከመጣ ወዲያ ሕግ ምን ያደርግልሻል፣ ዝም ብለሽ ብዪ» አለሽ። እሱም አላሳረፈሽም።

ከነገርሽኝ ሁሉ ልቤን የያዘው ይህ የመጨረሻው ነው። ነፃ ነሽ ተብለሽ ለምን አላረፍሽም? እመለስበታለሁ። አስቀድሜ የአያትሽን ነገር ልንገርሽ። እናትሽ ሳታወራሽ አትቀርም፤ ግን እሷ ያኔ የጡት ልጅ ስለነበረች የሰማችውን እንጂ ያየችውን አልነገረችሽም። እኔ አይቻለሁ።

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤት ልገባ ስንደረደር ነው። ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ። መቼም በእኛ አገር ፍልሰታን ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጾሟታል። እናትሽ ክርስትና ከተነሣች ወር ቢሆናት ነው። አያትሽን ትኩሳት ጣላት። በአራተኛው ቀን ጡቷ ነጠፈ፤ ሕፃኗም ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ታድር ጀመር። ጎረቤት ወተት አፍልታ ብታመጣላት አያትሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «የእመቤቴን ጾም አልገድፍም» አለች። አባቴ ለመነ፣ ዘመድ ለመነ፣ እንቢ አለች።

በመጨረሻ የነፍስ አባታችን ተጠሩ። ያን ጭቃ አቋርጠው ሲመሽ ደረሱ። መስቀል አሳለሟት፣ ጸበል ረጯት፣ ከዚያ የወተቱን ጣሳ አንሥተው ራስጌዋ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ወተቱን ጠጪ» አሏት። «አባ፣ ጾሙስ?» አለች በዚያ በደከመ ድምፅ። «ጾሙን እኔ እይዝልሻለሁ። ስትድኚ እመልስልሻለሁ።» እያለቀሰች ጠጣች።

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ተቆጣሁ። ፊደል የቆጠርኩ፣ ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኛ! ካህን ጾም ሲያስገድፍ በዓይኔ አየሁ ብዬ ማልጄ ለየኔታ ከሰስኳቸው። የኔታ ዝም ብለው ሰሙኝና «ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንቀጹን አገኘሁት፤ ዐሥራ አምስተኛው ነው። ጾምን በየስሙና በየወራቱ የሚያዝዘው ያው መጽሐፍ፣ የታመመውን ሰው ከግዴታው ያወጣዋል። እኔ በሕጉ ስም የተቆጣሁት ሕጉን ሳላውቅ ነበር።

አያትሽ ዳነች። መስቀል ሲያልፍ ካህኑ ቤታችን መጥተው «አደራሽን ልመልስ መጣሁ» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክታርፍ ድረስ አያትሽ ስትጾም ፊቷ ሲጨማደድ አላየሁም። ቀድሞ ጾሟ እንደ ዕዳ ነበረ፣ እንዳይቆጠርባት የምትፈራው። በኋላ ግን እንደ አደራ ያዘችው። ዕዳና አደራ ሁለቱም ይጠበቃሉ፤ የሚጠብቃቸው ልብ ግን አንድ አይደለም።

አባቶቻችን ስለ ሕግ ሲናገሩ «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው የሚፈስ ውኃ ይቆማል» ይላሉ። እውነት ነው። በቀድሞው ዘመን ባላጋራውን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለው፣ ያ ሰው ጉልበተኛም ቢሆን ይቆም ነበር። ኩታቸውን ከኩታ ቋጥረው ተያይዘው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። የሕግ ኃይሉ ማቆም ነው። የሚሰርቀውን እጅ፣ የሚማታውን በትር፣ የሚቅበዘበዘውን እግር ያቆማል። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ፤ የሚያቆመው ያጣ አገር ምን እንደሚሆን አይተናል። ነገር ግን ውኃውን ማቆም አንድ ነው፣ የቆመውን ሰው ማስኬድ ሌላ ነው።

በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ የምናስበውን መፃጉዕን አስቢው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት ተኝቷል። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል፤ እሱ ግን ቀድሞ መግባት ቢችልማ መች በሽተኛ ይባል ነበር? ጌታ መጥቶ ተነሥ፣ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ አለው። ዕለቱ ሰንበት ነበር። ሕግ ዐዋቂ የተባሉትም 38 ዓመት ሲያልፉት የኖሩትን ሰው፣ አልጋውን ሲሸከም ባዩት ጊዜ አስቆሙት። መዳኑ አልታያቸውም፣ የታያቸው አልጋው ነው። እኔ በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ያየሁት ጣሳውን እንደሆነ ሁሉ። በኋላ ግን ጌታ ያንኑ ሰው በቤተ መቅደስ አግኝቶ ዳግመኛ እንዳይበድል አዘዘው። አየሽ ቅደም ተከተሉን? መጀመሪያ አነሣው፣ ከዚያ መንገዱን አሳየው። ብትበድል አላነሣህም ነበር አላለውም። ከተነሣህ ወዲያ እንደ ወደድህ ሁንም አላለውም።

አሁን ከሊቃውንቱ ይልቅ አንቺ የምታውቂውን ነገር ላንሣ። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሕግን በምን መሰለው? በሞግዚት። አንቺ ሞግዚት ነሽ። የማዳምን ሁለት ልጆች የምታጥቢ፣ የምታበዪ፣ አስተማሪያቸው ዘንድ የምታደርሺ አንቺ ነሽ። በጳውሎስ ዘመን ያንን ሥራ የሚሠራው የቤት አገልጋይ ነበር፤ ልጁን እጁን ይዞ አስተማሪው ዘንድ ያደርሰዋል፣ መንገድ ላይ ሲባልግ ይቆጣዋል። ልጁ ሲያድግ ይህ ሞግዚትነት ያበቃል። ታዲያ አንቺ እነዚያን ልጆች እጅ መታጠብ፣ አመሰግናለሁ ማለት፣ እኅትን አለመምታት ስታስተምሪያቸው፣ ይህን በማድረጋቸው የአባታቸው ልጆች ይሆናሉ? ልጅነቱንስ ሲወለዱ አግኝተውታል። ደግሞ አድገው አንቺ ስትሄጂ እጃቸውን መታጠብ ይተዋሉ? ቢተዉማ ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ ነበር። ጳውሎስ የነገረን ይህንን ነው። ሕግ ያሳድገናል፣ ልጅነቱን የሚሰጠን ግን አባት ነው። ይህን ነገር ተምሮ ከሚያውቀው ሰው ይልቅ አንቺ እጅሽ ያውቀዋል።

ይህ ጥያቄም ካንቺ አልጀመረም። ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ይገረዙ፣ የሙሴን ሕግ ይጠብቁ ወይስ አይጠብቁ ተብሎ በ50 ዓ.ም. ገደማ ሐዋርያት ራሳቸው በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ተከራክረዋል። ጴጥሮስ አባቶቻችንም እኛም ያልቻልነውን ቀንበር ለምን በሌሎች አንገት ላይ እንጭናለን አለ፤ በጌታ ጸጋ እንድናለን ብሎም መሰከረ። ጉባኤው ግን ቀንበሩን ካነሣ በኋላ ሁሉ ተፈቅዷል ብሎ አልተበተነም፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት እንዲርቁ አዘዘ። ጸጋውንም ትእዛዙንም በአንድ ደብዳቤ ላኩት።

በእኛም አገር እንዲሁ። ስለ ቅዳሜ ሰንበት ብቻ አባቶቻችን ረጅም ዘመን ተከራክረው፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው የጸናው። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት የካቶሊክ መልእክተኞች ደግሞ ሰንበት ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ እሪያ አትበሉም፣ ስለዚህ አይሁድ ናችሁ ብለው ከሰሱን። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. በግእዝ መልስ ጻፈ። ያን ጊዜ አገሩ ከግራኝ ጦርነት ገና አላገገመም፤ ንጉሡም በጦር ሜዳ ሊሞት አራት ዓመት ብቻ ቀርቶታል። ግዝረቱ የአገር ልማድ ነው፣ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም ከጳውሎስ ተምረናል አለ። ስለ እሪያውም የሚበላውን አንጠላም፣ የማይበላውን ብላ ብለን አናስገድድም አለ። ሥርዐቱን አልጣለም፤ ግን መዳኛዬ ይህ ነው ብሎም አልተመካበትም። ብዙ የተማሩ ሰዎች ብዙ ገጽ የሚፈጁበትን ነገር፣ ይህ የጦር ንጉሥ በጥቂት መስመር ጨረሰው። እኔ ይህን ጽሑፍ ባስታወስኩ ቁጥር እኮራለሁ።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ልጁን አልነቅፈውም፤ ጸጋን መውደዱ መልካም ነው። በ1534 እ.ኤ.አ. ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ እምነት ተወያይቷል፤ ሉተርም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ነው የሸኘው። ስለዚህ እሱና እኔም ቁጭ ብለን መነጋገር አያቅተንም። ግን የነገረሽ ግማሹን ነው። ጸጋ አለኝ እያለ ጎረቤቱን ካልታረቀ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ካልከፈለ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። አባቴ መሐሪ ነው እያለ የሚበድልም አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ ይባላል። ጳውሎስ ራሱ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት እንኑርን ብሎ ጠይቆ፣ አይሆንም ብሎ የዘጋው በር ነው።

ያላረፍሽውም ለዚህ ይመስለኛል። አንቺ ከጾሙ ልገላገል አላልሽም። ጾሙን ትወጂዋለሽ፤ የእናትሽ ቤት፣ የሽሮው ሽታ፣ የኪዳን ደወል ነው። ወንድምሽ ከእጅሽ ነጥቆ ጣለብሽ። የአያትሽ ካህን ግን ያዙላት። ልዩነቱ ይህ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። የቀረበልሽን ብዪ። ማዳም ዶሮ ሰጥታሽ ሌላ ከሌለ አመስግነሽ ብዪ። ተርበሽ፣ አዙሮሽ ከደረጃ ብትወድቂ ማን ያነሣሻል? ነገር ግን ፉል ባለበት ቀን፣ ዳቦና ቲማቲም ባለበት ቀን ዶሮውን ተዪው፤ የቻልሽውን ቀን አልቻልኩም አትበዪ። ማንም የማይከለክልሽ ጾም ደግሞ አለ። በማዳም ላይ ምላስሽን መግታት፣ ሲመርርሽ በልጆቹ ላይ አለመወጣት። ቅቤ ትቶ የሰው ሥጋ በሐሜት የሚበላ ጿሚ እዚህ ሞልቶናል፤ ሲያስቀድስም አየዋለሁ። ዕቃ ስታጥቢ አባታችን ሆይ በዪ። ስቅለት ዕለት እኛ እዚህ ከጠዋት ጀምሮ እየሰገድን የምንለው አንዲቱን ቃል ነው፣ ኪርያላይሶን፣ አቤቱ ማረን። ያን ሁሉ ስግደት ሰግዶ «ሰገድኩልህና ክፈለኝ» የሚል የለም፤ የሚለምነው ምሕረት ነው። አንቺም ሳትሰግጂ በዪው።

ደግሞ እግዚአብሔር ከሚጾሙት ጋር ሳይቆጥረኝ ለይቶኛል የሚለውን አሳብ አውጪው። እግዜር ሲሰጥ የማን ልጅ ነህ አይልም ይባላል፤ ስንት ቀን ጾምሽ ብሎም አልጠመቀሽም። የሰማንያ ቀን ሕፃን ነበርሽ።

ለነፍስ አባትሽ ነገሩን አጫውቻቸዋለሁ። እስክትመጪ ጾሙን እንይዝላታለን ብለውሻል። ኮንትራትሽ የሚያልቀው ሐምሌ ላይ ነው፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል።