በፍስክ ቀን ስለሚበላ ሥጋ

አንድ የንስሐ ልጄ የከብት ርባታ አየሩን ያሞቃል የሚለውን ነገር ሰምቶ፥ «አባቴ፥ ጾሙን ጠብቄ ከፈጸምሁ በኋላ በፍስክ ቀን ሥጋ ብበላ ማንን በደልሁ?» ሲል ጠየቀኝ።

የሰማው ነገር እውነት ነው። ላምና በሬ የበሉት ሣር በሆዳቸው ሲብላላ ሚቴን የተባለ ጋዝ ይፈጠራል፤ አብዛኛውም በግሣት ይወጣል። ይህ ጋዝ በአየር ላይ የሚቈየው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቢሆንም፥ ሙቀትን በመያዝ ከካርቦን ጋዝ እጅግ ይበረታል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገለጠው፥ በሰው ሥራ ምክንያት ከሚወጣው አየር አሞቂ ጋዝ ከመቶው 14.5 እጅ የሚመጣው ከእንስሳት ርባታ ነው፤ ከዚህም የሚበዛው የከብት ድርሻ ነው። በብራዚልም የአማዞን ደን በብዛት የሚመነጠረው ለከብት መሰማሪያ ነው።

ሥጋ ግን ርኩስ አይደለም። ከጥፋት ውሃ በኋላ ለኖኅ የተፈቀደውን እኛ ልንከለክል አንችልም፤ ሥጋ የሚበላውን የሚኰንኑትንም በጋንግራ የተሰበሰቡት አባቶች አውግዘዋቸዋል። ሆኖም ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መብል ሲጽፍ፥ የተፈቀደው ነገር ደካማውን ወንድም ይጎዳ እንደ ሆነ መርምሯል። የልጄም ጥያቄ የሚመረመረው በዚሁ በኩል ነው።

ወንድማችንስ ማን ነው? እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በቦረና አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ሲከሽፉ ብዙ ከብት አለቀ። የአየሩ ሙቀት ድርቁን እንዳጸናው መርማሪዎች መስክረዋል። ያ እረኛ በከብቱ ወተት የሚኖር እንጂ ዕለት ዕለት ሥጋ የሚቈርጥ አልነበረም፤ ዕዳው ግን በእርሱ ላይ ወደቀ። የገበሬውንም በሬ ከዚህ ክስ ለይቼ አየዋለሁ፤ ስለ በሬ ሲናገሩ ማረሻውን መርሳት የከተማ ሰው ጠባይ ነው። ጥያቄው የሚመለከተው ሥጋን ለጥጋብና ለክብር የሚያበዛውን ነው።

«እኛስ የዓመቱን እኩሌታ ያህል እንጾማለን» የሚል ይኖራል። ጾማችን ለነፍሳችን የተሠራ ሥርዓት ነው እንጂ ለምድር የከፈልነው ግብር አይደለም። የሁለት ወሩን ሥጋ በፋሲካ ሳምንት ለማካካስ የሚሻም ቀኑን ቈጠረ እንጂ ሆዱን አልገታም።

ለልጄ አትብላ አላልሁትም። ለብቻው የሚያርደውን ሰንጋ ትቶ ከጎረቤቶቹ ጋር ቅርጫ እንዲገባ መከርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እንግዶቼስ ምን ይሉኛል?» አለኝ።