ከካሴት ወደ ዲስክ፦ ስለ ምስል ማንነትና ስለ አደራ

አርስቶትል እንደሚያስተምረው ማንኛውም ግዙፍ ነገር የቁስና የቅርጽ ውሕደት ነው፤ ቁስ ነገሩ የተሠራበት ሲሆን፣ ቅርጽ ደግሞ ያን ቁስ «ይህ ነገር ነው» የሚያሰኘው ሥርዓት ነው። ቅርጹ ከአንድ ቁስ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሲሻገር የቀደመው ነገር ራሱ ቀጠለ ወይስ በአምሳሉ ሌላ ነገር ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ፣ የቪዲዮ ካሴት በዲቪዲ ሲተካ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኗል።

ቪ.ኤች.ኤስ የተባለውን ካሴት ጄቪሲ የተሰኘው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ በውስጡ መግነጢሳዊ ብናኝ የተቀባ፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ተጠቅልሏል። ምስሉ የሚሰፍረው በአናሎግ መንገድ ነው፤ ይኸውም ብርሃኑ ከፍና ዝቅ ሲል መግነጢሳዊው ምልክት ሳይቆራረጥ አብሮት ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለሽያጭ የቀረበው ዲቪዲ ግን ምስሉን ወደ ዜሮና አንድ ቁጥሮች ለውጦ በጥቃቅን ጉድጓዶች መልክ ያኖረዋል፤ የሌዘር ጨረርም ያነበዋል።

ከዚህ የአሠራር ልዩነት የአረጃጀት ልዩነት ይወለዳል፤ የነገሩም ባሕርይ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በዚህ ነው። ካሴት በታየ ቁጥር ዴክ የተባለው ማጫወቻ ማንበቢያ ራስ ጥብጣቡን ስለሚነካው፣ የሠርግ ካሴት ይበልጥ የሚያረጀው ቤተሰቡ እየመለሰ ባየው ክፍል ላይ ነው፤ ድብዛዜው የፍቅር ምልክት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዲስኩን የሚነካው ግን ብርሃን ብቻ ስለሆነ መታየቱ አሻራ አይተውበትም። ካሴት እየደበዘዘ ቀስ በቀስ ሲያልፍ፣ ዲስክ በውስጡ ባለው የስህተት ማረሚያ ሥርዓት ጉዳቱን ሸፍኖ ቆይቶ፣ ጉዳቱ ከልክ ሲያልፍ በድንገት ይቆማል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ሥዕል ያሉትን፣ ትክክለኛነታቸው ከሠሪያቸው እጅ የማይለየውን ጥበባት፣ እንደ ድርሰት ካሉት፣ ፊደሉ ሳይለወጥ እስከተገለበጠ ድረስ ቅጂያቸው ሁሉ እኩል ከሆነው ለይቷቸዋል። ዲጂታል ምስል ከድርሰት ወገን ነው፤ በትክክል የተገለበጠው ከምንጩ አያንስም። ከካሴት ወደ ዲስክ የሚደረገው ሽግግር ግን ገና ትርጉም እንጂ ግልበጣ አይደለም፤ ምክንያቱም ዲቪዲ የሚጠቀምበት ኤምፔግ-2 የተባለው የማመቂያ ዘዴ ዓይን አያስተውለውም ተብሎ የተገመተውን ዝርዝር ይጥላል። ቅርጹም እንግዲህ ሙሉ ሆኖ አልተሻገረም።

ታዲያ ቁሱ ከተተወ፣ ቅርጹም ከተቀነሰ፣ «ያው ሠርግ ነው» የሚያሰኘው ምንድን ነው? የብራና ታሪክ ለዚህ መልስ ይጠቁማል። የመጽሐፈ ሄኖክ የአራማይክ ቅጂ በቁምራን ዋሻዎች በቁርጥራጭ ተገኝቷል፤ የግሪኩም በከፊል ብቻ ተርፏል፤ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የኖረው በግዕዝ፣ ጸሐፍት በየዘመኑ ስለገለበጡት ነው። በእያንዳንዱ ግልበጣ አንዳንድ ቃል ቢሳሳትም መጽሐፉ ያው መጽሐፍ የሆነው ጸሐፊው የራሱን ሳይሆን የተቀበለውን ለማስረከብ ስለጻፈ ነው። ስለዚህ ከቁስና ከቅርጽ ጋር አብሮ ሊቆጠር የሚገባው ሦስተኛ ነገር አደራ ነው፤ አደራ ሲባልም የተቀበሉትን ያንኑ ለማድረስ የሚገባ ግዴታ ማለት ነው።

የገበያ ፊልሞችን ባለንብረቶቻቸው ለትርፍ ሲሉ ወደ አዲሱ ቅርጸት አሻገሯቸው፤ የአንድ ቤተሰብን ክርስትና ወይም ሠርግ የሚያሻግር ግን ከቤተሰቡ በቀር ማንም የለም። የመጨረሻው የዴክ አምራች ሆኖ የሚታወቀው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን ካቆመ ወዲህ፣ ያልተጎዳ ካሴት እንኳ ምስሉን የያዘው፣ በአርስቶትል አነጋገር፣ ሊሆን በሚችል እንጂ በሆነ ሁኔታ አይደለም። ገልባጩም አደራውን የተወጣው ካሴቱን ወደ ዲስክ በማዛወሩ ብቻ ሊመስለው አይገባም፤ ዲስኩ የጣለው ዝርዝር ዛሬም በጥብጣቡ ላይ ስላለና ነገ በተሻለ መሣሪያ ሊነበብ ስለሚችል፣ አሮጌውን ካሴት ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ ማቆየትም የእሱ ድርሻ ነው።