ቁጥር ይመሰክራል፤ ፍርዱ የማን ነው?

በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን መንግሥታት «የምንመራው በመረጃ ነው» የሚለውን ቃል አዘውትረው ነበር። ሱቅ ሲዘጋ በመረጃ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት በመረጃ፣ የቀብር ሸኚው ብዛት ሲወሰንም በመረጃ ነበር። ለመሆኑ ቁጥር ሊፈርድ ይችላልን? እዚህ ለንደን ታክሲ ከመያዜ በፊት በአገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበርኩና፣ ጥያቄው ሁለቱንም ሙያዬን ይነካል።

አስቀድሜ ለቁጥር ጥብቅና ልቁም። «ሰው ቁጥር አይደለም» እያሉ ቆጠራን የሚነቅፉ ወገኖች አሉ። አባባሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያልተቆጠረ ሰው በቀላሉ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 2020 የብሪታኒያ ብሔራዊ ስታትስቲክስ ጽሕፈት ቤት በእንግሊዝና በዌልስ እስከ አፕሪል 20 ቀን የተመዘገበውን የኮቪድ ሞት በየሙያው ዘርዝሮ አወጣ። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 64 ከሆነ ወንዶች ውስጥ የሞቱት ከ100,000 ሰው 9.9 ሲሆኑ፣ በታክሲ ነጂዎች ዘንድ ግን 36.4 ነበሩ። ይህ አኃዝ ባይወጣ ኖሮ፣ በጠባብ መኪና ውስጥ ከተሳፋሪው ጋር አንድ አየር የሚተነፍሰውን ሹፌር ማን ያስታውሰው ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ መቁጠር የርኅራኄ መጀመሪያ ነው።

ሆኖም ምስክር ይመረመራል። ከላይ የጠቀስኩት አኃዝ የተስተካከለው ለዕድሜ ልዩነት ብቻ ነበር፤ ለመኖሪያ ሠፈርና ለዘር አልነበረም። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ «ሥራው ገደላቸው ለማለት ይህ ማረጋገጫ አይሆንም» ሲል አስጠንቅቋል። በዚያው ዓመት በኦገስት ደግሞ፣ መያዙ በምርመራ በታወቀ በ28 ቀን ውስጥ የሞተ ብቻ ይቆጠር ሲባል፣ የብሪታኒያ ሟቾች ቁጥር ከ46,706 ወደ 41,329 ወረደ። ከመቃብር የተነሣ ሰው አልነበረም፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። በኦክቶበርም የኤክሴል ፋይል ከልኩ በላይ በመሙላቱ 15,841 በምርመራ የተገኙ ሕሙማን ከዕለታዊው ዝርዝር ወድቀው መቅረታቸው ታወቀ። ከእነርሱ ጋር የተገናኙ ብዙ ሰዎችም በጊዜው ሳይፈለጉ ቀሩ።

ምስክሩ ፍጹም እውነት ቢናገርስ? ያን ጊዜም ፍርዱ ገና ይቀራል። ቁጥር፣ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ስንት ሰው ከበሽታ ሊድን እንደሚችል ይገምት ይሆናል። የአንድ ሕፃን የባከነ የትምህርት ዓመት ከአንዲት አሮጊት ቀሪ ዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚመዘን ግን አይነግረንም። ሚዛኑ ያለው በሕሊና ውስጥ ነው። ሁለት ቅን ሰዎች አንድ ሠንጠረዥ ተመልክተው በውሳኔ የሚለያዩትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የምፈራው ባለሥልጣን «ቁጥሩ አስገደደኝ» ያለ ዕለት ነው። ደግ ዳኛ ምስክሩን ሰምቶ፣ መርምሮ፣ በመጨረሻ ፍርዱን በገዛ ስሙ ይፈርማል። ከተሳሳተም ተጠያቂው እርሱ ነው። በቁጥር ጀርባ የተሸሸገ ግን ማንን ጎድቶ ማንን እንደጠቀመ ሳይናገር ያልፋል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ወደፊት ተመሳሳይ መከራ ቢመጣ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ተቆጠረ፣ ማንስ ቀረ? የአንዱን ጉዳት ከሌላው ጋር የመዘነውስ ማን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ፍርድ ተጓድሏል እላለሁ።