የአንድ ወንበር እውነት

በሳሎኑ ተቀምጦ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው ሙዚቀኞቹን ብቻ አይደለም፤ ግድግዳውንም ጭምር ነው። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ከጣሪያ፣ ከወለልና ከግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል። ይህ በተለይ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ይበረታል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ሄርዝ ገደማ የሆነን ድምፅ ከፊትና ከኋላ ግድግዳዎቹ አጠገብ ያጎላዋል፤ መካከሉ ላይ ግን ያከስመዋል። የባስ ጊታር ወፍራም ክር የሚሰጠው ድምፅ ደግሞ 41 ሄርዝ ገደማ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠው «ባሱ በዛ» ሲል፣ መካከል ላይ ያለው «ባሱ የት አለ?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይህን ለማረም እንደ ዲራክ ላይቭና ኦዲሲ ያሉ ሶፍትዌሮች ተሠርተዋል። ማይክሮፎን በአድማጩ ጆሮ ከፍታ ይቆማል፤ የመለኪያ ድምፅ ይለቀቃል፤ ሶፍትዌሩም ክፍሉ ያጎላውን ቀንሶ፣ ያሳነሰውን ጨምሮ ሙዚቃውን ወደ ስፒከሩ ይልካል። የሚገኘው ጥራት እውነተኛ ነው። ጥያቄው ግን «ጥራቱ ለማን?» የሚለው ነው።

አባወራው የሚቀመጠው መካከል ላይ ነው እንበል። የጎደለበትን ባስ በ10 ዴሲቤል ከፍ ቢያደርግ፣ አምፕሊፋየሩ ለዚያ ድምፅ 10 እጥፍ ኃይል ማውጣት ይኖርበታል። ሆኖም የሚሄደውና ከግድግዳ የሚመለሰው ሞገድ አብረው ስለሚያድጉ አሁንም እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ጉድለቱ አይሞላም። ትርፉ የሚደርሰው ግድግዳው ሥር ለተቀመጡት ልጆችና ከግድግዳው ወዲያ ለተኛው ጎረቤት ነው።

«ቤቱም መሣሪያውም የእርሱ ነው፤ ሁሉን ላስደስት የሚል ማንንም አያስደስትም» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ብቻውን የሚያዳምጥ ሰው ለራሱ ወንበር ቢያስተካክል ማንን ይበድላል? በደሉ የሚጀምረው የአንድ ወንበር ልክ የክፍሉ ሁሉ ልክ ተደርጎ ሲቆጠር፣ ሌላው ሲያማርርም «ተለክቷል እኮ» የሚል መልስ ሲሰጠው ነው። መለኪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ግን ስለ አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

በ1895 እ.ኤ.አ. የሐርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን አንድ የሚያስተጋባ የትምህርት አዳራሽ እንዲያቃና ተጠይቆ ነበር። እርሱም ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ በሰዓት ይለካ ጀመር። ያረመው ክፍሉን እንጂ ድምፁን አልነበረምና፣ ጥቅሙ በአዳራሹ ለሚቀመጥ ሁሉ ሆነ። በቤት ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ በትራስና በምንጣፍ ብቻ መግራት አይቻልም፤ ሶፍትዌሩ ያስፈልጋል። ነገር ግን ማይክሮፎኑን ከወንበር ወንበር ማዘዋወር፣ በሁሉም ዘንድ የበዛውን መቀነስ፣ የማይሞላውንም ጉድለት መተው ይቻላል። አባወራው ያኔም ባሱ ከጎደለበት፣ ከመካከል ተነሥቶ ወንበሩን ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ ይቀረዋል።