ካሜራ የያዘ ለቅሶ ደራሽ

ደቡብ አፍሪካዊው ኬቪን ካርተር በ1985 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ አዮድ በምትባል መንደር ያነሣውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በረሃብ የደቀቀ ሕፃን መሬት ላይ ተደፍቷል፤ ከኋላው አሞራ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ፎቶ በወጣቶች ጉባኤ ላይ በፕሮጀክተር ሲታይ ከአዳራሹ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ "ካሜራውን ጥሎ ለምን አላነሣውም?" ጥያቄው ተገቢ ነው። የማይመቸኝ አጠያየቃችን ነው። በሰውዬው ላይ ፈርደን፣ እኛ ነጻ ወጥተን፣ ወደ ሻይ ዕረፍት እንሄዳለን።

ስለ ካርተር አሟሟትም ይወራል። በዚሁ ፎቶ የፑሊትዘርን ሽልማት ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1986 ዓ.ም. ክረምት፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ይህን እንደ ቅጣት አድርገው የሚያስተምሩ አጋጥመውኛል፤ እባካችሁ እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ካርተር አሞራውን እንዳባረረው ተናግሯል። በገዛ አገሩም ለዓመታት ግድያ ሲያነሣ የኖረ ሰው ነበር፤ ከመሞቱ ሦስት ወር ገደማ በፊት ደግሞ ጓደኛውና የሙያ ባልደረባው ኬን ኦስተርብሩክ በተኩስ ተገድሎበታል። የሰው ልብ ስንት ሞት እንደሚችል ከወንበራችን ላይ ሆነን መመዘን አንችልም።

ጥያቄውን ግን አንተወው፤ ወደ አገራችን እናምጣው።

መሐመድ አሚን የናይሮቢ ሰው ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ። መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት አክብሮ፣ ኢሠፓን መሥርቶ ገና መጨረሱ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ስለ ረሃብ ማውራት የሚወደድ ነገር አልነበረም። አሚን ጎሕ ሲቀድ ሜዳውን ሞልቶ የተኛውን ሕዝብ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው የተደረደሩትን ሬሳዎች ቀረጸ። ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ታየ፤ በርክ ያየውን ለመግለጽ ቃል ሲያጣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳሰለው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ዘፈኑ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. የተካሄደው ላይቭ ኤይድ፣ እህል የጫኑት አውሮፕላኖች።

አሚን ኮረም ላይ ካሜራውን አስቀምጦ ሰው መሸከም ነበረበት? በዚያው ሰሞን መቀሌ ላይ ክሌር በርሺንገር የምትባል የቀይ መስቀል ነርስ ነበረች። ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ከተሰለፉት ሕፃናት መካከል ወደ መመገቢያው የሚገቡትን በየጊዜው እየመረጠች ትለይ ነበር። ይህን አስቡት። የምትሸከም እጅ ነበረች፤ የጎደለው እህሉ ነበር። አሚን አሥር ሰው ተሸክሞ ወደ እርስዋ ቢያመጣ፣ ከአሥሩ ስንቱን ትመርጥ ነበር? እህሉን ያመጣው ፊልሙ ነው፤ ያውም ዘግይቶ፣ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩት ሳይደርስ።

ይህን ስል ፊልሙ ሁሉን ነገር አሳየ ማለቴ አይደለም። የደረቀው መሬት ታየ፤ ጦርነቱ ግን በደንብ አልታየም። ረሃቡን ድርቅ ብቻውን አላመጣውም፤ ዘመቻውም፣ የመንገዱ መዘጋትም፣ የገበያው መፍረስም ነበረበት። ደግሞም የአገራችን ስም በዓለም ፊት ከረሃብ ጋር ተጣብቆ የቀረው በነዚያ ፎቶዎች ነው፤ ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችሁን ጠይቋቸው። ፎቶ ካነሣው ሰው እጅ ከወጣ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በእርሱ ቁጥጥር ሥር አይደለም። ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ፊልም የሠራው እርዳታ ለመጥራት ነበር። ፊልሙ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀጣጥሎ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። የወሎ ሕፃናት ሥዕል የሥልጣን መሣሪያ ሆነ። ንጉሡ ረሃቡን መደበቅ አልነበረባቸውም፤ ሕፃናቱ ግን ለዚያ ተግባር ፈቃዳቸውን የሰጠ ማንም አልነበረም።

አሁን ወደ እኛው ሰፈር ልምጣ። ለቡ የምትኖሩ ታላላቆቻችሁን "የነፋስ ስልክ ፍንዳታ" ብላችሁ ጠይቁ። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ በሳምንቱ፣ የጥይት መጋዘን ተቃጠለ፤ ከተማው ተናወጠ። ሰው ሁሉ ከእሳቱ ሲሸሽ አሚንና የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ወደ እሳቱ ሄዱ። ማታይ እዚያው ሞተ። አሚን ግራ እጁን አጣ። ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ በወራት ውስጥ ካሜራውን እንደገና አነሣ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።

ድፍረት ብቻውን ሰውን ጻድቅ አያደርግም፤ ለዝናም የሚደፍር አለ። ታዲያ በምን እንለየው?

ለእኔ የሚረዳኝ ለቅሶ ነው። በባህላችን ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሙቱን አያስነሣም። "ምን ልትረዳ መጣህ?" ብሎ የሚጠይቀውም የለም፤ መቅረቡ፣ አብሮ መቀመጡ ራሱ ሥራ ነው። ነገር ግን ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሌላ ዓይነት ሰውም እናውቃለን። ማን አለቀሰ፣ ማን አላለቀሰም እያለ ወሬ ለቅሞ የሚሄደውን። ሁለቱም አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አንድ ነገር ያያሉ። ሉቃስ 10 ላይ ካህኑም ሌዋዊውም ሳምራዊውም የቆሰለውን ሰው አይተውታል፤ ማየት አልለያቸውም። ሳምራዊው ቀረበ። ልብ በሉ፣ እርሱም ቢሆን ሁሉን በራሱ አልጨረሰም፤ ሰውየውን ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ አስረክቦ፣ ከፍሎ፣ መንገዱን ቀጠለ። እንደሚመለስ ግን ተናግሮ ነበር።

የእኛው ሙሉጌታ አየነ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አውሮፕላኑ ከወደቀበት ቦታ ያነሣቸውን ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ። በአንዱ ላይ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር ዘግና ፊቷ ላይ ትበትናለች። ፎቶዎቹ በ2012 ዓ.ም. የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አግኝተዋል። ስመለከታቸው ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ያነሣቸው መሆናቸው ይሰማኛል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ግን ስለ ፎቶ አንሺዎች ብቻ ለማውራት አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በስልካችሁ ስንት ሬሳ አይታችኋል? ከለቡ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ በቴሌግራም የመጣውን፣ የት እንደተነሣ፣ መቼ እንደሆነ፣ አንዳንዱም የሌላ አገር ሆኖ ሳለ፣ "እዩ ምን እንዳደረጉን" ብላችሁ ስንት ጊዜ አስተላልፋችኋል? አሚን ላየው ነገር እጁን ከፍሏል፤ እኛ የምንከፍለው የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ያ የተጣለ ልጅ እናት አለችው። የልጇን ሞት የምትሰማው በእናንተ መልእክት ቢሆንስ? የሚያሳዝነኝ ደግሞ የምናስተላልፈውን መምረጣችን ነው፤ የእኛ ወገን ሲሞት ፎቶ፣ የሌላው ሲሞት ዝምታ። የሳምራዊው ታሪክ የተነገረው ግን "ባልንጀራዬ ማን ነው?" ብሎ ለጠየቀ ሰው ነበር።

በኅብረታችን ውስጥ ሠርግ እየቀረጸ የሚተዳደር ወጣት አለ። ሥራውን ትቶ ጦርነት የነካቸውን አካባቢዎች እየዞረ ፎቶ ማንሣት እንደሚፈልግ ነገረኝ። እናቱ ከእሑድ ፕሮግራም በኋላ ያዙኝና "ልጄ፣ አንተን ይሰማል፤ ምከርልኝ፣ ይቅርበት" አሉኝ። መከርኩት፤ ይቅርብህ ግን አላልኩትም። ያነሣኸውን ሰው ስሙን ጠይቅ፤ ስሙ መውጣቱ የሚያስገድለው ከሆነ ፊቱንም አታሳይ፤ "አይሆንም" ለማለት አቅም ያጣ ሰው ፈቀደልኝ አትበል፤ የሁሉንም ወገን እናቶች አንሣ፤ ሲከብድህ ደብቀህ አትያዘው፣ ደውልልኝ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ጋሼ፣ እኔ ሄጄ ፎቶውን ብልክላችሁ፣ እሑድ በጉባኤ ፊት ታሳዩታላችሁ? የሌላኛውንም ወገን?" አለኝ።

ጥያቄውን ለሽማግሌዎች አቅርቤዋለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተነጋግረንበታል፤ ገና አልተወሰነም።